የመሳፍንት መቀናጆ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ሰው ሮብ ገበያን እስኪያልፍ አገሩ እግሩ ሥር ይለዋወጥበታል። መጀመሪያ ጤፍና ስንዴ ያያል። ከዚያ ጤፉ ይጠፋል፣ ገብሱ ይበዛል። ብርዱ ጆሮ መንከስ ሲጀምር ደግሞ ድንችና እንግዶ ብቻ ይቀራሉ። እንግዶ ማለት ሌላው አገር አረም ነው ብሎ ከስንዴው መካከል ነቅሎ የሚጥለው፣ የሲናን ወረዳ ደገኛ ግን ዘርቶና አጭዶ፣ ጋግሮ የሚበላው፣ ጠምቆም የሚጠጣው እህል ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ብዙ ስለታረሰ ደክሟል፣ ቢሆንም ላወቀበት እምቢ አይልም። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነው።

አስማማው የሚኖረው እዚህ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወሬ የሚወድ፣ መጠበቅ የማይችል ሰው ነው። ሲያርስ ከበሬዎቹ ጋር ያወራል፤ በሬዎቹ ሲያርፉ ከራሱ ጋር ያወራል። ሚስቱ የብርጓል “የኔ ባል ዝም ካለ ታሟል ማለት ነው” ትላለች፣ እውነቷን ነው። ይህን የሚያህል አፍ ያለው ሰው ግን ሮብ ገበያ ላይ በስሙ ብትፈልጉት የሚያውቀው አታገኙም። “የመሳፍንት መቀናጆ የት አለ?” በሉ፣ ልጅ አዋቂው ያሳያችኋል።

ለከተማ ሰው ነገሩን ላስረዳ። አንድ ማረሻ የሚስቡት ሁለት በሬዎች ናቸው፤ ባንድ ቀንበር ሲጠመዱ ጥማድ ይባላሉ። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ባለ ጥማድ ነው፤ ሲሄድም ደረቱን ነፍቶ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ እንደሱው አንድ በሬ ያለው ሰው ይፈልግና በሬዎቻቸውን አገናኝተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ይህ ነው መቀናጆ። ሚስትን ቤተሰብና ሽማግሌ ይመርጣል፤ መቀናጆውን ሰው ራሱ ነው የሚመርጠው፤ ስለዚህ ቢሳሳት የሚያማው የለውም።

አስማማውና መሳፍንት የተቀናጁት በ1985 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ አልቆ አገሩ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ጊዜ ነበር። ሁለቱም አዲስ ጎጆ ወጪ ነበሩ፣ ለሁለቱም አባቶቻቸው የሰጧቸው አንድ አንድ በሬ ነበር። መሳፍንት ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። አንድ ቃል ከጠየቃችሁት ግማሹን ይመልሳል፣ ግማሹን ለሌላ ቀን ያስቀምጣል። ሰዉ “ይኼ ለፍላፊና ይኼ ድዳ እንዴት ይስማማሉ?” ሲል አወራ። የተስማሙት ግን በዚያው ምክንያት ነበር፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይሰማል፤ ሁለቱም አውሪ ቢሆኑ ኖሮ ማን ያርስ ነበር?

በሬዎቹም ተስማሙ። በሬ በወይፈንነቱ በለመደው ጎን ነው ዕድሜውን የሚገፋው፤ በግራ የለመደ በግራ፣ በቀኝ የለመደ በቀኝ። የአስማማው በሬ የግራ ነበር፣ የመሳፍንት የቀኝ። እንደዚህ ገጥሞ ተገኘና ሁለት ጎረምሶች ባንድ ቀንበር ሥር ገቡ፤ በሬዎቹን ማለቴ ነው፣ ሰዎቹን ማለትም ይቻላል።

ተራው እንዲህ ነበር። ሰኞና ሐሙስ የአስማማው፣ ማክሰኞና ዓርብ የመሳፍንት፤ ረቡዕ ገበያ ነው፣ ማንም አያርስም። እነሱ አገር ደግሞ የእርሻ ቀን ማለት ከበዓል የተረፈው ነው። ሰኞው ሚካኤል ከሆነ “የአስማማውን ቀን ሚካኤል በላው” ይባላል፣ ካሳ የለውም። መሳፍንትን ማርያም ብትበላበትም እንዲሁ። አንድ ዓመት ታዲያ ገብስ በሚዘራበት ሰሞን ቅዱሳኑ ተመካክረው የተነሡበት ይመስል የአስማማው ቀኖች ተከታትለው ተበሉ። ሰውየው አፉ አላርፍ ብሎት “ከገነት ይልቅ የኔን ማሳ ወደዱት መሰለኝ” ብሎ የንስሐ አባቱ ተቆጥተውት ነበር። ዓርብ ማለዳ በሩን ሲከፍት መሳፍንት ሁለቱንም በሬዎች ይዞ ቆሟል።

“ዛሬ አንተ እረስ” አለው።

“ዓርብ ያንተ ነው እኮ።”

“ወገቤን አሞኛል።”

ወገቡን ያመመው ሰው ያን ቀን ሙሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ ሽቅብ ሲመላለስ ዋለ፤ አገር አየው። አስማማው ይህን ነገር ለሚስቱም ለልጆቹም እየደጋገመ ያወራዋል፤ አንድ ቀን ግን ለመሳፍንት “አመሰግናለሁ” ብሎት አያውቅም። በነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

በሬ ያረጃል፣ ይሸጣል፣ ይተካል። በዚህ ላይ የመቀናጆ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አንዱ ያለሌላው በሬ አይገዛም፣ አይሸጥም። የሚገዛው በሬ የሚጠመደው ከጓደኛው በሬ ጋር ነውና። ገበያ ሲወጡ ሥራቸውን ተከፋፍለው ነበር። ጥርስ ማየት፣ ማማረጥ፣ ከሻጭ ጋር መከራከርና መማል የአስማማው ነው። መሳፍንት ዝም ብሎ ይቆምና ክርክሩ ሲያልቅ የበሬውን አንገት በመዳፉ ዳስሶ አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ “በየት በኩል ነው የለመደው?” ለአስማማው ከሆነ ግራ፣ ለራሱ ከሆነ ቀኝ መሆኑን አረጋግጦ ራሱን ይነቀንቃል። አስማማው ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ጠይቆ አያውቅም። መሳፍንት እያለ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ዘመን ሄደ። የመሬት ሽግሽግ መጣና ማሳቸውን አጎራበተው። ተዳፋቱ ሁሉ እርከን ወጣለት። አዲስ የድንች ዘር ገባ፣ ከማርቆስ አይሱዙ እየመጣ ከማሳው አፋፍ ላይ መጫን ጀመረ። ድንች ለአስማማው ሠመረችለት፤ የቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ በግ አበዛ፣ ፈረስ ገዛ። መሳፍንትን ግን ዘመኑ በሌላ በኩል ነው የጎበኘው። ሚስቱ ታመመች። ማርቆስ ሐኪም ቤት ሲያመላልሳት በጎቹ ሄዱ፣ ጊደሯ ሄደች፣ በመጨረሻ እሷም ሄደች። አንዲት ልጁ ወደ አማኑኤል ከተማ ተድራ ነበርና ቤቱ ውስጥ እሱና ጸጥታው ብቻ ቀሩ። ቀኝ በሬው ቦራም አረጀ። ትልም ላይ ሲሄድ እንደ ሽማግሌ ቄስ ነው፤ አይሳሳትም፣ ግን አይቸኩልም።

በ2003 ዓ.ም. የሥላሴ ማኅበር ተራ አስማማው ቤት ደረሰ። ከወደ ቆላው የመጣ አንድ እንግዳ ጠላውን ይዞ “ባለቤቱ የትኛው ነው?” ሲል ጠየቀ። “ያ ቀጭኑ፣ የመሳፍንት መቀናጆ” አሉት። “አሃ፣ ባለ አንድ በሬው” አለ እንግዳው። ክፉ ልቡ አልነበረም፤ ያወቀውን ነው የተናገረው። ግን የብርጓል ጠላ ስትቀዳ ሰማች፣ አስማማውም ሰማ። የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ፈረስ ገዝቶ፣ ያም ሆኖ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጠላው “ባለ አንድ በሬ”። ይህች ቃል እንደ ገብስ እሾህ አንገቱ ሥር ገባችና ቀረች።

እንግዶቹ ሲሄዱ የብርጓል ጀመረች። “ልጃችንን ዓለምነውን ልንድረው ነው። የልጅቱ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው ‘አባትየው ስንት በሬ አለው?’ ብሎ ነው። አንድ ልትል ነው?”

“ስል የኖርሁት እሱን አይደል?”

“ያን ጊዜ አልነበረህም። ዛሬ አለህ።”

“መሳፍንትስ?”

“ሌላ መቀናጆ ይፈልጋላ።”

ሁለቱም እውነቱን ያውቁታል። በዚያ አካባቢ ባለ አንድ በሬው ሁሉ ጓደኛውን ይዟል፤ ደግሞስ ሽማግሌ በሬ ካለው ሰው ጋር ማን ይቀናጃል? አስማማው ጥማድ ከሞላለት የመሳፍንት ማሳ ጦም ያድራል፤ ወይም ለእኩል አራሽ ይሰጥና ካዝመራው ግማሹ በሰው ጎተራ ይገባል። እንዲህ የሆነ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ እንግዳ ነው፤ ሌላው ሲያርስ ዳር ቆሞ ያያል። አስማማው ይህን ሁሉ አሰበው። አስቦም ተወው፤ ሰው ነው፣ “ባለ አንድ በሬ” የምትለዋ ቃል አላስተኛ አለችው።

በየካቲት አንድ ረቡዕ “ገበያ አልወጣም፣ አጥር አጥራለሁ” ብሎ ለመሳፍንት ዋሸውና ብቻውን ሄደ። ከብት ተራው ውስጥ ብዙም አልዞረም። ገና እንደገባ አንድ ወይኖ በሬ አየ፤ ቀለሙ እንደ ስሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሻኛው የሞላ። እንዳየው ልቡ ወደደው። ለምን እንደወደደው ቢጠየቅ ኖሮ “የማውቀው ይመስለኛል” ይል ነበር፤ አቋቋሙ፣ ሲዞር የሚያነሣው እግር፣ አንገቱን የሚጥልበት ጎን፣ ሁሉ ነገሩ ለዓይኑ የለመደው ነው። ጥርሱን አየ። ይዋጋ እንደሆነ ጠየቀ፣ ይተኛ እንደሆነ ጠየቀ። ተከራከረ፣ ማለ፣ ጥሎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ገዛ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ተረት እናቱ ከጡት ጋር ነው ያጠጣችው፤ ያን ቀን ግን ትዝ አላለውም።

ሲመለስ ዋናውን መንገድ ትቶ በባሕር ዛፉ ውስጥ፣ በጓሮ በኩል መጣ። የተዉት መንገድ ደግሞ ሰው አያጣም። ወለተ ጊዮርጊስ ጭራሮ ስትለቅም አገኘችው። ይህች ባልቴት ምላሷ ከማጭድ የሚስል፣ ልቧ ግን ከቅቤ የሚለሰልስ ጎረቤታቸው ናት።

“ሰርቀኸው ነው፣ አስማማው?”

“ኧረ ገዝቼው ነው።”

“እንግዲያ በሌባ መንገድ ምን አመጣህ?”

በሬውን አጣድፎ ነድቶ ጋጣው ውስጥ ደበቀው፤ በሬ የሚያህል እንስሳ መደበቅ ይቻል ይመስል።

በማግሥቱ ሐሙስ ነው፣ የአስማማው ተራ። በሐሙስ መሳፍንት ጎሕ ሲቀድ ቦራን እየጎተተ ወደ አስማማው ማሳ ይመጣል፤ ይህ ቀርቶ አያውቅም። አስማማው ግን ዛሬ አትምጣ ብሎ የሚነግርበት አፍ አጣ። “ሲያየው ይገባዋል” ብሎ ገና ሳይነጋጋ ዳልቻንና ወይኖን ይዞ ወጣ። ዳልቻ የራሱ በሬ ነው፣ በግራ ያደገ ነው። በግራ ጠመደው። ወይኖን በቀኝ ጠመደ። እርፉን ጨበጠ፣ ጅራፉን አጮኸ፤ ልቡ ሙሽራ ሆነች። የኔ፣ ሁለቱም የኔ!

ወይኖ አንድ እርምጃ ሄደና ወደ ግራ ዞረ። አስማማው መለሰው። እንደገና ዞረ፤ በዳልቻ ኋላ አልፎ ወደ ግራ ሊሻገር ፈለገ። ዳልቻ ደግሞ ግራውን ከማንም ፍጡር ጋር ተካፍሎ አያውቅም፣ በቀንዱ ገፋው። ቀንበሩ ተጣመመ፣ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ምራን ተወሳሰበ። አስማማው ፈታና ቦታ አቀያየራቸው፤ ወይኖ በግራ እንደገባ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዳልቻ ግን በቀኝ ሲደረግ ፈጣሪውን የተቀየመ ይመስል አየውና ተኛ። ሲተኛ ሲያስነሣው፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው ሲያፈገፍግ፣ ሞፈሩ ቀጭ ብሎ ከመካከሉ ተሰበረ።

ወለተ ጊዮርጊስ ከመንገዱ ላይ እንስራዋን አዝላ ቆማ ነበር። “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” አለች። “በሬዎቹ ናቸው የተጣሉት ወይስ አንተን ነው የጠሉህ?”

አስማማው ቀና ሲል ከእርከኑ አፋፍ ላይ መሳፍንት ቦራን በገመድ ይዞ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየውም። መሳፍንት የተሰበረውን ሞፈር አየ፣ ዳልቻን አየ፣ ወይኖን ረዘም አድርጎ አየ። ቦራን ከቁጥቋጦ ላይ አሠረና ወረደ። ወይኖን ቀረብ ብሎ አንገቱን በመዳፉ ዳሰሰው፤ በየገበያው እንደሚያደርገው።

“ግራ ነው” አለ።

አስማማው ጓሉ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ያልቀረ ጊዜ የግራ በሬ ሲመርጥ፣ ዓይኑ ግራ ሲለምድ፣ ልቡ ግራ ሲወድ ኖሮ፣ እግዜር ሙሉ ጥማድ ሲሰጠው በግራው ላይ ሌላ ግራ ገዛ። የሚጠይቅለት ሰው ቤቱ ተቀምጦ ነበርና። የቀኝ ጎኑ ሁልጊዜ መሳፍንት ነበር።

“ሳልነግርህ ገዛሁት” አለ።

“አየሁ።”

“ልነግርህ ነበር።”

“መቼ?”

አስማማው አፈሩን በጣቱ ይጭር ጀመር። መሳፍንት “በሬው መልካም ነው፤ ዓይንህ አልሳተም” አለው። “ስጠኝ፣ ቀኝ ላለማምድልህ። ለማሳህ እስከዚያ ሞፈሬን ውሰድ።” ቦራንና ዳልቻን ጠመደለትና የዕለቱን እርሻ አብረው ጨረሱ። ያን ቀን አስማማው ከበሬዎቹ ጋር እንኳ አላወራም።

በግራ ያደገን በሬ ቀኝ ማስለመድ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው አይሞክረውም፣ ይሸጠዋል። የመሳፍንት መላ ትዕግሥት ነው። ከእርሻ በተረፈው ቀን ዳልቻንና ወይኖን በቀንበር ጠምዶ፣ በማረሻ ፈንታ ግንድ አስሮላቸው፣ እሱ በወይኖ ቀኝ ገብቶ በትከሻው እየተደገፈው ይሄዳል። በሬው ወደ ግራ ሊሻገር ሲል ገመዱን ሳብ፣ ቀጥ ሲል ደግሞ ከመዳፉ ጨው ያልሰዋል። አይመታውም፣ አይጮህበትም። ያን የጾም ወራት አገሩ ሁሉ አንድ ነገር አየ፤ ሰውየው የራሱን በሬ ቦታ የሚነጥቀውን በሬ በገዛ ትከሻው እየገፋ ወደዚያ ቦታ ያስገባዋል።

የብርጓል ቆሎና ጠላ ይዛለት ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን “አያ መሳፍንት፣ ይቅመሱ” ብላ ዓይኑን ሳታይ አስቀምጣ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ቆማ አየችው። ማታ እግሯን እየታጠበች “እኔ ነኝ የገፋሁህ” አለች ለባሏ።

“እኔም መገፋት ፈልጌ ነበር” አለ አስማማው።

ከፋሲካ በፊት ባለው ገበያ መሳፍንት ቦራን ይዞ ብቻውን ወረደ። ለቅርጫ ሥጋ የሚፈልጉ ሰዎች ወሰዱት። አስማማው ከማሳው ላይ ሆኖ ሲመለስ አየው፤ በሬ የለም፣ ገመዱ ብቻ ትከሻው ላይ ተጠቅልሏል። በሬ ያለ መቀናጆ አይሸጥም የሚለው ሕግ ነበር፤ አስማማው ግን መውቀስ አልቻለም፣ ሕጉን ቀድሞ ያፈረሰው እሱ ነበርና። ወርዶ ሊያናግረው አሰበ፣ እግሩ እምቢ አለው።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሰኞ መሳፍንት ወይኖን ወደ አስማማው ማሳ አመጣው። ዳልቻ በግራ፣ ወይኖ በቀኝ ተጠመዱ። አስማማው እርፉን ያዘ። በሬዎቹ እንደ አንድ ሰው እግር ተራመዱ፣ ትልሙ ከማሳው ራስ እስከ እግሩ ክር የተዘረጋ መሰለ። ወይኖ አንድ ጊዜም ወደ ግራ አላየም።

“በል፣ ጥማድህ ሞላልህ” አለ መሳፍንት።

“ሞፈርህን...”

“አቆየው። እኔ ምን አደርግበታለሁ?”

ይህን ብሎ ሄደ። ደገኛ ፈረሱን ያውሳል፣ ቤቱን ያውሳል፣ ልጁን ሳይቀር ለሥራ ያውሳል፤ ሞፈሩን “አቆየው” የሚለው ግን ማረስ የተወ ሰው ብቻ ነው። አስማማው እርፉን ለቀቀ። በሬዎቹን ፈታና ገና ፀሐይ ሳትበረታ ቤቱ ገባ፣ መደብ ላይ ተቀመጠ። ምሳ ቀረበለት፣ አልነካውም። ማታም አንድ ቃል አልወጣውም።

“ታመምህ?” አለች የብርጓል።

“አዎ” አለ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መሳፍንት ደጃፉ ላይ የበሬ ኮቴ ሰማ። ሲወጣ አስማማው ዳልቻንና ወይኖን ይዞ፣ ቀንበሩንና ያንኑ ሞፈር ተሸክሞ ቆሟል።

“ማክሰኞ ነው” አለ አስማማው። “ተራህ ነው።”

“በሬ የለኝም እኮ።”

“ይኼ የማነው?” አለ ወደ ወይኖ እያመለከተ።

“ያንተ ነዋ።”

“የኔ አይደለም። እኔ የገዛሁት የግራ በሬ ነው። ሻጩ አለ፣ ወለተ ጊዮርጊስ አለች፣ የተሰበረው ሞፈር አለ፣ ሁሉም ምስክሬ ናቸው። ይኼ የቀኝ በሬ ነው። እኔ በዕድሜዬ የቀኝ በሬ ኖሮኝ አያውቅም። በዚህ ቀንበር ቀኙ ያንተ ነው፣ ከጥንቱ።”

መሳፍንት ዝም አለ። ከሁለቱ ማን ይበልጥ ግትር እንደሆነ አገሩም እስከ ዛሬ አልለየም፤ ስለዚህ ዝምታው ረዘመ። አስማማው ግን ያን ያህል ዝምታ የመቻል ተፈጥሮ የለውም። “ሳልነግርህ በመግዛቴ በድዬሃለሁ” አለ። “ብቻዬን ገበያ ወጥቼ ያተረፍሁትን አየህ። ካላንተ ግራዬን ከቀኜ አልለይም።”

መሳፍንት ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ፤ እነሱን ለማየት ይሁን ፊቱ ላይ ያለው እንዳይታይበት ይሁን እንጃ። ከዚያ ወረድ ብሎ ከአስማማው ትከሻ ላይ ሞፈሩን አነሣ።

“ወለተ ጊዮርጊስን ምስክር ከምትጠራብኝስ ማረሱ ይሻለኛል” አለ፤ ሄደውም አረሱ።

በተከታዩ ዓመት ጥር ለዓለምነው ልጅ ሊጠይቁ ከሮብ ገበያ በታች፣ ወደ ስንዴው አገር ወረዱ። የልጅቱ አባት አቶ እንዳላማው ጎተራው የሞላ፣ ንግግሩ የማይፈራ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠላ እንደቀመሱ ወደ አስማማው ዞረና የብርጓል የፈራችውን ጥያቄ ጠየቀ።

“ስንት በሬ አለህ?”

“አንድ” አለ አስማማው ደረቱን ነፍቶ። “የግራ።”

እንዳላማው ቅንድቡን አነሣ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን አዩ። ከነሱ መካከል የተቀመጠው መሳፍንት፣ አንድ ቃል ተጠይቆ ግማሹን የሚመልሰው ሰውዬ፣ ሳይጠየቅ አፉን ከፈተ።

“እኔም አንድ አለኝ” አለ። “የቀኝ።”

እንዳላማው አንዴ ይህን አንዴ ያንን ሲያይ ቆየና ሳቀ። “እንግዲያ ጥማድ ነዋ የመጣብኝ” አለ፤ ልጅቱን ሰጠ።

ሙሽሮቹ ጎጆ ሲወጡ የመጀመሪያ ማሳቸውን ያረሱላቸው ዳልቻና ወይኖ ናቸው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ዓርብ የመሳፍንት ነው፤ እሱ ግን ጠዋት በሬዎቹን አምጥቶ ለዓለምነው አስረከበና “ወገቤን አሞኛል” ብሎ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ለሙሽሮቹ ቤት የሚሆን ግንድ ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ አገር አየው።